የቀትር ጸሎት በወይዘሮ አምሳል ወፍጮ ቤት

ያርጋል ደባርቅ ውስጥ በወይዘሮ አምሳል ወፍጮ ቤት ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ተጋግሮ ከዕድሜው በላይ ሽማግሌ አስመስሎታል። አሮጌውን የናፍጣ ሞተር በመዘውር አሽከርክሮ የሚያስነሣው እሱ ነው፤ አንዳንድ ጧት ግማሽ ሰዓት ይታገለዋል። አንዴ ከተነሣለት እስኪመሽ ድረስ ማንም ባይነካበት ይወዳል።

በ1997 ዓ.ም. ወይዘሮ አምሳል ከከባድ ሕመም ተነሡ። ተስለው ነበርና በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ሠራተኛው ሁሉ አብሮ እንዲጸልይ አዘዙ። መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይበተኑ ነበር። ያርጋልም ደስ ብሎት ቆመ፤ ኪዳነ ምሕረትን ወር በወር የሚዘክር ሰው ነው። ቆይቶ ውዳሴ ማርያም ተጨመረ። ከዚያ መሪጌታ ደምለው ወንጌል እንዲተረጉሙ ተጠሩ፤ እሳቸው ደግሞ አንዲት ቃል ከያዙ አራት ጊዜ ሳያገላብጡ አይለቁም።

«እትዬ፣» አለ ያርጋል አንድ ቀን፣ «ጸሎቱን ጠልቼ አይደለም። ሞተሩ ግን አንዴ ከጠፋ ይለግምብኛል። ጸሎቱ ቢያጥር፣ ካልሆነም ሞተሩ እየሠራ ብንጸልይስ?»

«በዚያ ጩኸት መካከል? ለእግዜር አንድ ሰዓት ጸጥታ ብትሰጠው ምን ይጎድልብሃል?»

ያርጋል ሄዶ ሞተሩን አጠፋው።

በማግሥቱ ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የገበያው ሰው እህሉን እስከ ደጅ ደርድሮ ሳለ ስድስት ሰዓት ሆነ። ተራው ከሊማሊሞ በታች የመጡት የአሮጊቷ የእማማ ስጦታ ነበር። ጤፉ ለባላቸው ተዝካር ነው።

«ልጄ፣ ተዝካሩ ሰኞ ነው። ዛሬ ማታ ካልተቦካ አይደርስልኝም፤ ቶሎ በልልኝ፣» አሉት።

ያርጋል ወይዘሮ አምሳልን አየ። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። «አጥፋው፣» አሉት።

መሪጌታ የዚያን ዕለት ያስተማሩት ስለ ትዕግሥት ነበር። ያርጋል አንገቱን ደፍቶ ጥርሱን ነከሰ። ሰባት ሰዓት አለፈ። ደጅ ላይ አህያ አናፋች፤ መሪጌታ እስክትጨርስ ጠብቀው ካቆሙበት ቀጠሉ።

እንደተጨረሰ ያርጋል ወደ ሞተሩ ሮጠ። አንዴ አሽከረከረ፤ አስነጥሶ ዝም አለ። ደገመ። በሦስተኛው መዘውሩ ወደ ኋላ ተመልሶ የእጁን አንጓ መታው፤ ያርጋል ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ የቀረኝ አንድ እጅ ነው፣» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «ያስጠፉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያስነሡት።»

ወይዘሮ አምሳል ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መዘውሩን ያዙ። ግማሽ ዙር እንኳ አልሄደላቸውም። መሪጌታም ጥምጥማቸውን አስቀምጠው አገዟቸው። ሁለቱ ተጋግዘው፣ የመሪጌታ ነጭ ጋቢ በሞተሩ ግራሶ ተለውሶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሞተሩ ተነሣ። ወይዘሮ አምሳል የእማማ ስጦታን ጤፍ አስቀድመው አስፈጩና ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ የጭነት መኪና አሳፈሯቸው።

ሰኞ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። የቀትሩ ጸሎት ቀርቶ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሆናል። ወረፋ የሚጠብቅ ባለመኖሩ መሪጌታ ትርጓሜውን ይበልጥ አሰፉት። ያርጋል እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ውርጩን እየረገጠ በጨለማ መውጣት ጀመረ።

«አንተው ለምነህ ያመጣኸው ነው፣» አለችው ሚስቱ ዘቢደር በሩን ስትከፍትለት።

«እኔ የለመንኩት እንዲያጥር ነው፣» አላትና ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።