ለሪሐና ልደት የታቀደ ሽርሽር

ለጢፋ በሠራተኝነት ከምትኖርበት የሳልዋ ቪላ ወጥታ ኩዌት ከተማን በእግሯ የረገጠችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለወረቀት ጉዳይ። አንዴ ለጤና ምርመራ፣ አንዴ ለአሻራ። የቤቱ ሹፌር በር ድረስ አድርሶ፣ ከዚያው በር መልሷታል። ከዚያ በቀር ከተማው ለእሷ አየሩ አቧራ ባልያዘ ቀን፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ ከሩቅ ብልጭ የሚሉ ረጃጅም ሕንጻዎች ነበር። አሥር ዓመት እንዲሁ ስታየው ኖረች። በዚህ ዓመት ግን ከተማው ከሐሳቧ አልወጣ አለ። ልጇን ይዛ ልትገባበት አቅዳ ነበርና።

ልጇ ሪሐና ትባላለች። ለጢፋ በትውልድ አገሯ በሐርቡ እናቷ ሀዲያ እጅ ጥላት ወደ ሪያድ ስትሄድ ሪሐና አራት ዓመቷ ነበር። ስትመለስ አሥር ሞልቷት አገኘቻት፤ አንድ ወር አብራት ቆየችና ወደ ኩዌት ሄደች። ልጅቱ አያቷን «እማ» እያለች አደገች፤ እናቷን ደግሞ ሰው ሁሉ እንደሚጠራት «ለጢፋ» ትላታለች። ሐርቡ ይህ ነውር አይደለም። አያት ያሳደገው ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ለጢፋም ለምዳዋለች፤ ቢያንስ ለምጄዋለሁ ትላለች።

ባለፈው ዓመት ሪሐና ራሷ ኩዌት መጣች። በሠራተኝነት የገባችው ሱራ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጠና ያለች ማዳም ቤት ነው። ከሳልዋ ሱራ በመኪና ቅርብ ነው። እናትና ልጅ ግን ዓመት ሙሉ የተያዩት በስልክ ብቻ ነው። የሪሐና ማዳም ሠራተኛ ብቻዋን ከበር አታስወጣም፤ የለጢፋ ማዳም ደግሞ ዕረፍት ሲጠየቁ ጆሯቸው ይከብዳል። ለጢፋ የዒዱን ዕረፍት ትታ፣ የበጋውንም ትታ፣ በኅዳር አንድ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ወጥታ ዓርብ ማታ እንድትመለስ አስፈቀደች። ያ ዓርብ ሪሐና ሃያ ዓመት የምትደፍንበት ቀን ነበር። ቀኑን ከለጢፋና ከሀዲያ በቀር የሚያውቅ የለም። ማሽላው በሚቆረጥበት ሳምንት፣ የጁምዓ አዛን ሲሰማ ነው የተወለደችው።

ሽርሽሩን ያቀደችው የለጢፋ ጓደኛ፣ የሐርቡ ልጅ ሐያት ናት። ሐያት ፊንጣስ አንድ የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ጸጉርና ሒና ትሠራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር አፓርታማ ተከራይታ ስለምትኖር ከተማውን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች።

«አንቺ እንደሆንሽ ከተማውን ከጣሪያ ላይ ነው የምታውቂው» አለቻት በስልክ። «ዝም ብለሽ ስሚኝ።»

«እሺ ተናገሪ፤ ኪሴን ግን አትርሺ።»

«ኪስሽን ማን ይረሳዋል! ታክሲ የለም፣ አውቶቡስ ነው። ሙባረኪያ ገበያ እንገባለን። እዚያ ውስጥ ለውስጥ ከባብ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ፤ አንድ ሳህን ለሦስት ይበቃል፣ ዳቦውን ይጨምሩልናል። ከዚያ በእግር ወደ ባሕሩ።»

«ባሕሩ ዳር ያሉት ማማዎችስ? እሷ የጠየቀችኝ ማማዎቹን ነው።»

«ላይ መውጣት ያስከፍላል። አንገት ቀና ማድረግ ግን በነጻ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ልጄን በልደቷ ቀን ማማ ሥር አቁመሽ አንገቷን ልታጣምሚው ነው?»

«እሺ በቃ፣ እሷ ትውጣ። እኛ አሮጊቶቹ ከታች ቆመን እጃችንን እናወዛውዝላታለን። ለማደሪያ ደግሞ ሆቴል እንዳትዪኝ። እኛ ጋ ታድራላችሁ፤ ልጆቹን ለምኜ አንድ ክፍል አስለቅቃለሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ወጥ ቤት እተኛለሁ። ማንኮራፋቴን ፍሪጁ ለምዶታል።»

ለጢፋ ብዙ ጊዜ አትስቅም፤ ያን ቀን ሳቀች። ከዚያ በኋላ ልብስ ስትተኩስ፣ ሰሃን ስታጥብ፣ የምታስበው ያንን ብቻ ሆነ፤ ልጅቱ ከላይ፣ እሷ ከታች።

ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሪሐና ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

«ለጢፋ፣ እምቢ አለች።»

«ምን ብላ?»

«ልደቴ ነው ስላት በጣቃዬን ከመሳቢያ አውጥታ አየችው። ልደትሽ ጃንዋሪ አንድ ነው፣ ያን ቀን ትወጫለሽ አለችኝ።»

በጣቃ የሚሉት የኩዌቱን መታወቂያ ነው። ፓስፖርቱን ያወጣው የሐርቡ ደላላ ቀን መጠየቅ አይወድም፤ ለሁሉም ጃንዋሪ አንድ ይላል። በእሱ በኩል የሄዱ ሴቶች ሁሉ በወረቀት የአንድ ቀን ልደተኞች ናቸው።

«እናቴ ናት የምትወስደኝ አላልሻትም?»

«ብያታለሁ። አላመነችም። ‹በስልክ ስታወሪ እሰማሻለሁ፤ ለጢፋ፣ ለጢፋ ነው የምትዪው፤ እናቱን በስሟ የሚጠራ ማን አለ?› አለችኝ።»

 «አብሽሪ» አለች ለጢፋ። «ራሴ እመጣለሁ። ካየችኝ ታምናለች፤ መልካችን አንድ አይደል? በጣቃዬንም እይዛለሁ።»

በጣቃዬን እይዛለሁ ያለችው ተማምና ነው። ወረቀት የሌለው ሰው የሚፈራበትን አገር ስለለመደች፣ ወረቀት ያለው ሰው የሚፈራ አልመሰላትም።

ሐሙስ ከዐስር በኋላ ሐያት ሱራ፣ የሪሐና ማዳም ግቢ ደጃፍ ላይ ለጢፋን ጠበቀቻት። በእጇ የካርቶን ሳጥን ይዛለች። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት፤ ትንሽ ነጭ ኬክ ነው። በዓረብኛ «ሪሐና» ይላል፤ ከሥሩ በቀይ ክሬም ትልቅ ሃያ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ከባቡን አንድ ሳህን ለሦስት ያልሽ ሴት፣ ይሄ ከየት መጣ?» አለች ለጢፋ።

«ከኪሴ ነው፣ ዝም በይ። አክስት አይደለሁ?»

ደወሉን ደወሉ። የከፈተችው ሪሐና ራሷ ናት። ለጢፋ በስልክ የምታየው ፊቷን ብቻ ስለነበር ቁመቷን አታውቅም ነበር። ከእሷ ትረዝማለች። የአሥር ዓመቷን ልጅ ለማቀፍ የተዘረጋው እጅ ትከሻዋ ላይ ቀረ። ሊተቃቀፉ ሲሉ ከኋላ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሪሐና ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የጎረቤቷን ሠራተኛ «አክስት ነኝ» ያለች ሴት መጥታ ወስዳት፣ ልጅቱ በዚያው ጠፍታለች። እሷም ለሠራተኛ ማስመጫ ብዙ ገንዘብ ከፍላለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መታለል አትወድም። ለጢፋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ነሽ እናት የተባልሽው?»

«አዎ ማዳም። እናቷ ነኝ። ነገ ልደቷ ነው። ነገ ማታ ራሴ አመጣታለሁ፣ ወላሂ።»

«በጣቃሽን አሳዪኝ።»

ለጢፋ ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ማዳሟ ወደ ቤት ገብታ የሪሐናን ይዛ ተመለሰች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም። ለጢፋ ከሪያድ ተመልሳ አዲስ ፓስፖርት ስታወጣ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ ደላላው፣ «ወጣት ነው የሚፈልጉት» ብሎ ስድስት ዓመት ቀነሰላት። ሪሐና ልትሄድ ስትል ያው ደላላ፣ «ልጅ ናት፣ በዚህ ዕድሜ አትገባም» ብሎ ስድስት ጨመረላት። ሁለቱንም ጊዜ የከፈለችው ለጢፋ ናት። ሁለቱንም ጊዜ አመስግናዋለች።

ማዳሟ አንዱን ካርድ አየች፣ ሌላውን አየች። ጣቷን አንድ በአንድ አጠፈች።

«አንቺ ሠላሳ አራት። እሷ ሃያ ስድስት» አለች። «በስምንት ዓመትሽ ነው የወለድሻት?»

ለጢፋ ሁለቱን ካርዶች አየች።  ሐያት ከኋላ በአማርኛ፣ «ያ ሌባ! ያ ደላላ!» ስትል ሰማች።

«ሁለት ነገር ነው ያለው» አለች ማዳሟ፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ወይ አንቺ ትዋሻለሽ፣ ወይ ወረቀቱ ይዋሻል። ወረቀቱ ከሆነ አሁኑኑ ያመጣት ቢሮ ጋ እደውላለሁ። በሐሰት ወረቀት የገባች ሠራተኛ ቤቴ አላኖርም፤ ወስደው ወደ አገሯ ይመልሷት።» ወደ ሪሐና ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ። እናትሽ ናት?»

ሪሐና ለጢፋን አየቻት። ለጢፋ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከሐርቡ ስትወጣ፣ መኪናው ሲነሣ ያየችው ነው። ልጅቱ ለመጓዣ የተበደረችው ገና ተከፍሎ አላለቀም። ሀዲያ አርጅታለች። አሁን «አዎ» ብትል እውነት ነው፤ ነገ ግን አውሮፕላን ላይ ናት። ለጢፋ ልጅቱ እስክትመልስ አልጠበቀችም።

«አይደለሁም ማዳም» አለች።

«ምን?»

«እናቷ አይደለሁም። የሰፈሯ ሰው ነኝ። እናቷ አገር ቤት ናት፣ አርጅታለች። ልጅቷ ናፍቋት እንዳይከፋት ብዬ ነው የዋሸሁት። ይቅር በይኝ።»

ማዳሟ በረጅሙ ተነፈሰች። እፎይ ያለች ትመስል ነበር። «እኔም አውቄ ነበር» አለች። «ለምን መዋሸት ያስፈልጋል? የአገርሽ ሰው ከሆንሽ በሩ ላይ አነጋግሪያት፣ ማን ይከለክልሻል? ማውጣት ግን የለም። ሻይ የሚፈልጉ እንግዶች አሉብኝ፣ ቶሎ በሉ።» ካርዱን መለሰችላትና ሳጥኑን አየችው። «እሱ ምንድን ነው?»

ሐያት ሳጥኑን ልትዘረጋ ስትል ለጢፋ እጇን ያዘቻት። ክዳኑ ቢከፈት ውስጡ ሃያ ይላል።

«የእኛ ነው ማዳም» አለች። «የራሳችን ምግብ ነው።»

ማዳሟ ከበሩ ሳትርቅ ቆማ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እናትና ልጅ በበሩ ወዲያና ወዲህ ቆሙ።

«ትበያለሽ?» አለች ለጢፋ።

«እበላለሁ።»

«እጅሽ ምን ሆኗል?»

«ክሎሬክስ ነው፣ በረኪናው። ይድናል።»

«ጓንት አድርጊ። ሀዲያ ጋ ደውዪ፤ እኔ ሳይሆን አንቺ ስትደውዪ ነው ደስ የሚላት።»

«እሺ።» ሪሐና ጎንበስ ብላ የለጢፋን ትከሻ ሳመች፤ ጎረቤት እንደሚሳም። «እሺ ለጢፋ» አለች። ማዳሟ ከስልኳ ቀና ብላ ይህንን ሰማች፤ አላልኩም እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ጃንዋሪ አንድ ነይ» አለች ማዳሟ በሩን እየዘጋች፤ ከልቧ ነበር። «የልደቷ ቀን ነው። ያን ቀን አስወጣታለሁ፤ ቃሌ ነው።»

መንገዱን ሲሻገሩ ሐያት ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ወደ ላይ አሳየቻት። ፎቁ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት፣ ሪሐና እጇን ታወዛውዛለች። ለጢፋ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። እጇን ግን አላነሣችም፤ ማዳሟ ብታይስ? መስኮቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ እንዲሁ ቆየች።

«ነይ ሙባረኪያ እንሂድ» አለች ሐያት። «ወጥተሽ የለ? ከባቡን እንብላ፣ ባሕሩን እይ፤ እስከ ነገ ማታ የራስሽ ነሽ።»

«እዚያ የምገባው ከእሷ ጋር ነው።»

«መቼ?»

ለጢፋ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መራመድ ጀመረች።

«እንግዲህ ጃንዋሪ አንድ ብላለች» አለች ሐያት፤ ልታስቃት ፈልጋ። «እኔም እኮ የተወለድኩት ያን ቀን ነው። አንቺም ያን ቀን ነሽ። በአንድ ኬክ እንገላገላለን።»

ለጢፋ አልሳቀችም። ሳጥኑን ከሐያት እጅ ተቀብላ የሳልዋን አውቶቡስ ጠበቀች። መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋው ክዳኑን በመዳፏ እንደያዘች ተቀመጠች። ጨለማው ሳይበረታ ቪላው ደረሰች።

የለጢፋ ማዳም ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ያያሉ። «ምነው ተመለስሽ? ነገ ማታ አላልሽም?»

«ማዳም፣ የቀረውን የዕረፍት ኢጃዛዬን ለጃንዋሪ አንድ ላድርገው? የአንድ ቀን ብቻ።»

ማዳሟ ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «በጃንዋሪ በረሃ ነን፣ ድንኳን እንተክላለን። ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣል። አንቺ ከሌለሽ ማን ያበስላል? የሄድሽበት ይበቃሻል። ከመጣሽ አይቀር ደግሞ የልጆቹ ልብስ አልተተኮሰም።»

«እሺ ማዳም።»

ለጢፋ ወጥ ቤት ገባች። ከመተኮሷ በፊት ከጀርባ ያለውን ትልቁን ፍሪዘር ከፈተች። የበረዱትን ዶሮዎች አንድ በአንድ አውጥታ፣ ከሥር ቦታ አበጀች። ኬኩን ከነሳጥኑ አስገባችው። ማዳሟ በየወሩ መጨረሻ ፍሪዘሩን እያስከፈቱ ያልታወቀውን ሁሉ እንደሚያስጥሉ ታውቃለች። ዶሮዎቹን መልሳ ደረደረችበትና ክዳኑን ተጭና ዘጋችው።