የአይጦቹ ዘር

የታሰረው መምህራችን እንዲፈታ ሰልፍ ወጥተን ነው የያዙን። በፒክአፕ ጭነው ስደተኛ ሐበሾች የሚበዙበት ዴም ሰፈር አጠገብ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱን። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳውን የሰው ጀርባ አጥቁሮታል። በሩ ሥር አንድ ጎልማሳ ሐበሻ ተቀምጠው ያስላሉ። ልብሳቸው ቀለም ቀለም ይሸታል።

ሰልፈኛ አልነበሩም። መኪና ከሚቀቡበት ወርሻ በር ላይ አፍሰው ያመጧቸው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት መኮንኑ ጠርቷቸው ሲመለሱ የተባሉትን ሳይደብቁ ነገሩኝ።

"ያ ተማሪ ድንጋይ ሲወረውር አይቻለሁ በልና ዛሬውኑ ውጣ አለኝ። አስብበት ብሎኛል።"

ተማሪ ያለው እኔን ነው፤ ድንጋይ ግን አልወረወርኩም።

"ባዮሎጂ ነው የምትማረው አልክ?" አሉኝ ቆይተው። "ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ጋር ነበር የሚቀባው። አንድ ወርሻ፣ አንድ ቲነር። በሳንባ ካንሰር ሞተ። እኔንም ይይዘኛል?"

የማውቀው ክፍል ውስጥ የተማርነውን ብቻ ነበር። "ጋሼ፣ ለምርምር የሚያረቧቸው አይጦች አሉ። የሁለት ዘር አይጦችን ጀርባ በአንድ ዓይነት ኬሚካል ይቀቧቸዋል..."

"እነሱንም ይቀቧቸዋል?"

"አዎ። አንደኛው ዘር እጢ ያወጣል፤ ሌላውን ብዙም አይነካውም።"

ጥግ የተኛ ወጣት ቀና አለ። "ወላሂ፣ ዘር እዚህም ተከትሎን መጣ! አይጦቹ የየት ክልል ናቸው?"

ሁሉም ሳቁ። ቀቢው ግን አልሳቁም።

"እኔና ወንድሜ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን። አንድ ዘር። አለቀልኝ በለኛ።"

ያሳሳታቸው ቃሉ ነው። አንድ ዘር የምንላቸው አይጦች ለብዙ ትውልድ እህት ከወንድም እየተዋለዱ እንደ መንታ የተመሳሰሉ ናቸው። ሰው እንደዚያ አይደለም። ይህን ልነግራቸው ስል ቆም አልኩ። "ምንም አይነካዎትም" ብላቸው ይረጋጋሉ፤ ለመውጣት ቸኩለውም በሐሰት አይመሰክሩብኝም። ለእኔ የሚበጀኝ እሱ ነበር።

"ሰው እንደ አይጦቹ አይደለም፤ ወንድምዎ የወረሱትን ሁሉ እርስዎ አልወረሱም" አልኳቸው። "ሊይዝዎትም ላይይዝዎትም ይችላል። አላውቅም። ሳልዎ ግን ደስ አይልም፤ ሆስፒታል ቶሎ ይታዩ።"

"ቶሎ ማለት ዛሬ?"

"ከተቻለ ዛሬ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ጠባቂው በሩን ከፈተ። "ያላ፣ ቀለም ቀቢው!"

ሲወጡ ዞር ብለው አላዩኝም። የእኔ ነገር እንዳበቃ ቆጠርኩት።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል። በሁለት እጃቸው ሸሚዙን ገጥመው በቀበቷቸው ውስጥ አስተካክለው ከተቱት፤ ከዚያ "ጠጋ በል" አሉኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ምን አሉት?" አለ ወጣቱ።

"ያላየሁትን አየሁ አልልም አልኩት።"

"ሆስፒታሉስ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ኢንሻላህ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። በአንተ ላይ ተረማምጄ አልሄድም።"

ከተፈታን በኋላ ሶባ ሆስፒታል ድረስ በሚኒባስ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሐኪሞቹ ናሙና ወስደዋል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። ማታ ማታ እየደወሉ ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል። እኔ እየመለስኩላቸው፣ በመሃል የማዳምጠው ሳላቸውን ነው።