የጋለው ኮምፒውተርና የሙሽራዋ አባት

በሰፈሩ «ብልጭታ» የሚሉት ፎቶ አንሺ ውሻ አይፈራም፣ ዱርዬ አይፈራም፤ በቅርቡ ሠርጓን ያነሣላትን ሙሽራ እናት ግን ገና ኮቴያቸውን ሲሰማ መደበቂያ ይፈልጋል። ዛሬ ጥቁር ለብሰው ስቱዲዮው በር ላይ ቆሙ።

«የባሌን ፎቶ ትሰጠኛለህ ወይስ አብረህ ቀበርከው?»

ሰውየው ዕድሜ ልኩን ከካሜራ ሲሸሽ ኖሮ፣ በልጁ ሠርግ ላይ ጭፈራው ሞቅ ሲልበት እጁን ሰጥቶ ፎቶ ተነሣ። በሳምንቱ ሞተ። ሰፈሩም «ፎቶው ነው የበላው» ብሎ ብልጭታን በጎሪጥ ያየው ጀመር። የመታወቂያው ፎቶ ደብዝዞ የማን እንደሆነ አይለይም፤ መልኩ የቀረው በብልጭታ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። የካሜራውን ካርድማ እንደ ልማዱ ለቀጣዩ ሠርግ አጥፍቶታል። «ሁለት ቦታ ማስቀመጥ የፈሪ ሥራ ነው» እያለ ሲፎክር ነበር፤ ይበለው!

ኮምፒውተሩ ደግሞ ፎቶዎቹን በከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ድርግም ብሎ ይጠፋል።

«እትዬ፣ ትንሽ አሞት ነው።»

«ባሌንም ትንሽ ነው ያመመው ብለውኝ ነበር።»

ብልጭታ ላቡን ጠርጎ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈታ። ራም የሚሉትን የማስታወሻ ሰሌዳ ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ፈተገው፤ የሰፈሩ ጠጋኝ ሁሉ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ይኸው ነው። አስነሣው። ተነሣ፤ ወዲያው ድርግም። እንደገና ሲያስነሣው ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ሰማ። ፎቶዎቹ ያሉበት ዲስክ ተፋቀ ማለት ሟቹ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። ጆሮውን አስጠጋ። ድምፁ ከማቀዝቀዣ ማራገቢያው ነበር፤ ፀጉርና አቧራ ተጠምጥሞበት ይንፈራገጣል እንጂ አይዞርም። አጠገቡ ያለውን ብረት ቢነካው ጣቱን ጠበሰው።

«ሙቀት ነው እትዬ! ሲግል ነው የሚጠፋው።»

«ታዲያ ምን ታፈጥብኛለህ?»

አቧራውን ጠረገ፤ ማራገቢያው ግን ደርቋል፣ አልዞር አለ። እስኪበርድ ጠበቁና ብልጭታ ፍላሽ ዲስክ ሰክቶ ፎቶዎቹን ወደ እሱ መገልበጥ ጀመረ። ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ላይ ካርቶን መንጭቀው የኮምፒውተሩን የተከፈተ ሆድ ያራግቡለት ጀመር።

ስንቱ እንደተገለበጠ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር እንደ ዔሊ ተጎተተች። ግማሽ ላይ ቀጥ አለች። ለብልጭታ የነገው የሰፈር ወሬ ከአሁኑ ተሰማው፦ መጀመሪያ ሰውየውን በላ፣ አሁን ደግሞ መልኩን። ቀና ሲል ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከመስመሯ ሳይነቅሉ ያራግባሉ።

«አንተ» አሉት፣ ያ ስለታም ምላሳቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዶ፣ «የባሌ አገጭ ላይ ያለችው ጠባሳ በቀኝ ናት በግራ? ከትናንት ጀምሮ ተምታታብኝ።»

ብልጭታ አያውቅም። እንዲህ ፈርተው አይቷቸውም አያውቅ።

መስመሯ ነቃ ብላ ተንቀሳቀሰች፤ ሞላች። ፍላሹን ነቅሎ እጃቸው ላይ አስጨበጣቸውና፣ ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ቢፈነዳም ይፈንዳ ብሎ ፎቶውን ከፈተው።

«በግራ!» አሉ ሴትዮዋ፣ ስክሪኑ ላይ ጠባሳዋን በጣታቸው ተጭነው። ብልጭታ ስክሪኑ በጣት አይነካም ማለቱን ትቶ፣ ካርቶኑን አነሣና ያራግብ ጀመር።