የማይለቅ አሰልጣኝ

ወንድሜ ካራቴ ልማር ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ። ሞባይል ገና ወደ ኬንያ ሞያሌ የገባበት ሰሞን ነበር፤ እኩዮቹ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ግድግዳ ሲደገፉ እሱ ላብ ቢያወጣ ምን ይከፋል? ወላጆቻችን በስደቱ መንገድ ላይ ስለቀሩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ገበያው አጠገብ ባለችው የልብስ ስፌት ቤታችን እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ጨርቅ ይቆርጣል። እጁ የተባረከ ነበር፤ እሱ የቆረጠውን ጨርቅ ማስተካከል አያስፈልገኝም።

አሰልጣኙም እንደኛው በስደት የመጣ ያገራችን ሰው ነው። አርባን ያለፈ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ስሙን ሰምቶት በማያውቅ ታላቅ መምህር እጅ እንደሰለጠነ የሚምል። ያረጀ የእህል መጋዘን ተከራይቶ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ጆንያ በገለባ ሞልተው ቢያነጥፉ፣ “መንገድ ላይ ፍራሽ የሚያነጥፍልህ ማነው?” ብሎ አውጥቶ ጣለው። ገለባውን ፍየሎች በሉት።

ወንድሜ እንዳስረዳኝ ይህ ትምህርት አንድ ደንብ አለው። ክንድህ ተጠምዝዞ ሕመሙ ሲብስብህ በነጻው እጅህ ወለሉን ትመታለህ፤ የያዘህ ሰው ያኔውኑ ይለቅሃል። አሰልጣኙ ግን ወለል ሲመታ የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ ባይ ነው። ትንሽ ጨምሮ ነው የሚለቀው። ወንድ የምታደርገው ያቺ ትንሽ ናት ይላል።

በዚያች ትንሽ የወንድሜ ቀኝ ትከሻ ወለቀ። ጀግናው አሰልጣኝ ሐኪም እንደመጥራት እግሩን በልጁ ብብት ውስጥ ከትቶ፣ ጎትቶ መለሰለት። ልጁ ማታ በግራ እጁ እየበላ ይስቃል። በማግስቱ እየገፋሁ ክሊኒክ ወሰድኩት። ዳክታሪው ክንዱን አገላብጦ አየና፣ ደግሞ ከወለቀ መቀስ የሚያነሳ እጅ እንደማይሆን ነገረኝ።

“እትዬ፣ ቲቸር እኮ ሊያጠነክረኝ ነው” አለኝ ወንድሜ በመንገድ ላይ።

“መጠንከር ከሆነ የፈለግከው ሎሪ ፊት ቁም” አልኩት።

አሰልጣኙን ላነጋግረው ሄድኩ። “ዳዳ፣ አታስቢ እህቴ፣ ኢኮ ሳዋ፣ ደህና ነው። የኔስ ትከሻ ስንቴ ወልቋል!” ብሎ ክንዱን አዞረልኝ። ቋ አለ። በወለቀ ትከሻው ከሚኮራ ሰው ጋር ምን ብለው ይከራከራሉ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወንድሜም እምቢ ብሎኝ ተመልሶ ሄደ።

ያኔ ቀጥታ ወደ ሰፈሩ የመንግሥት ሹም፣ ወደ ቺፉ ቢሮ መሄድ ነበር። ግን በኛ ሰው ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ስደተኛ ስደተኛን ለመንግሥት አይሰጥም። የአንዱ ወረቀት ከተጠየቀ የሁላችንም ይጠየቃልና። ጠብ የሚያልቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ያስታረቀውን ወደ ቺፍ የወሰደ ደግሞ ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው አይደርስለትም። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። ከወዲያ ወዲህ ከብት የሚነግዱ አንድ ሀጂ ነበሩ የመሯቸው።

መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ተደረደረላቸው፤ ቀዝቃዛ ሶዳ ቀረበላቸው። አሰልጣኙ “ከእንግዲህ በደንቡ አስተምራለሁ” ብሎ ማለ። ደንቡ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ልናገር ብል ሴት ልጅ በሽማግሌ መሃል አትገባም ተባልኩ። ከዚያ ወንድሜ ታናሽም ተማሪም ስለሆነ ተነስቶ የአሰልጣኙን ጉልበት ሳመ። የተጎዳው ይቅርታ ጠየቀ፣ የጎዳው ይቅር አለ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አሰልጣኙ ሞቅ ብሎት፣ እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚያስተምር ለአባቶች ሊያሳይ ወንድሜን ጠራው። ያንኑ ክንድ ይዞ ወለሉ ላይ አጋደመውና ይጠመዝዝ ጀመር። ወንድሜ በግራ እጁ ወለሉን መታ። ደግሞ መታ። ሀጂ አጨበጨቡ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም አጨበጨቡ። አሰልጣኙ ወደ እነሱ ፈገግ እያለ ጨመረበት። “ልቀቀው!” ብዬ ጮህኩ።

“ተይ ልጄ፣ ይጨርስ” አለኝ አንዱ ሽማግሌ። ልጁ አፉን ከፍቶ ድምፅ ሲያጣ ነው የገባቸው።

ክሊኒኩ ትከሻውን መልሶ አሰረው፤ ነርቩ ተጎድቷል ተባልን። ማሰሪያው በተፈታ ሰሞን ቺፍ ጋ ልሄድ መሆኔን ሰምተው ሽማግሌዎቹ ሱቄ ድረስ መጡ። አሰልጣኙ አልመጣም፤ ተማሪዎቹን ጥሎ አይመጣማ!

“ልጄ፣ አደጋ ነው። እርቅ ወርዷል፤ እርቅ አይፈርስም” አሉኝ ሀጂ።

“ሀጂ፣ ወለሉን ሲመታ ምን መስሎዎት ነበር ያጨበጨቡት?”

“ደስ ያለው መስሎኝ” አሉ። ቀና ብለው ነው የነገሩኝ።

“በሉ ዱዓ እናድርግና ይዘጋ” ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጉ። እኔ እጄን ከስፌት መኪናዬ ላይ አላነሳሁም። ወንድሜ ግን ታላቅ ያከብራል፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ እንደተቀመጠ የግራ መዳፉን ዘረጋ። ቀኙን ሊያስከትል ሞከረ። ክንዱ ከጭኑ ላይ አልተነሳም። እንደ መጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አንጓውን ይዞ ወደ ላይ ጎተተው፤ ሲለቀው ተመልሶ ወደቀ። ደግሞ ያዘው።

ሀጂ ዱዓውን ጀምረው ነበር። እያዩት ድምፃቸው ዝግ አለ፤ ኋላም ቆመ። ከጎናቸው ያለው ሰው ያለቀ መስሎት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዙት።

“አሚን እንዳትሉ” አሉ።

መዳፋቸውን አጥፈው ከወንበሩ ተነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

“ቺፉ ቢሮ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው?”