የዶን ኢላሪዮ ተንጠልጣይ ድልድይ

ዶን ኢላሪዮ ፓውካር የድልድይ ስም ሲተረጉሙ ነው ያረጁት። በዋንካዮ ከተማ፣ ከቆርቆሮ ሠሪዎች ሰፈር በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ መሐንዲሶች በስፓኒሽ የጻፉትን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ለውጭ አበዳሪዎች ያሰናዱ ነበር። ባለቅስቱን፣ በብረት ወራጅ የተዘረጋውን፣ ከማማ ላይ በሽቦ የተወጠረውን፣ ሁሉንም ከነትክክለኛ ስሙ ያውቁታል። በዚያ ዘመን ተርጓሚ የሚከበረው በታማኝነቱ ነበርና ያልሆነውን ሆነ ብለው ጽፈው አያውቁም።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንዲት መሐንዲስ ለኢስኩባምባ መንደር የድልድይ ማሠሪያ ገንዘብ የጠየቀችበት ማመልከቻ ደረሳቸው። ኢስኩባምባ ከማንታሮ ወንዝ ማዶ ናት። ሰዉ የሚሻገረው በዋሮ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ የእንጨት ሣጥን፣ ተሳፋሪው ራሱ ገመድ እየሳበ። የመንደሩ ሰዎች ግን ዋሮ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ ልጅ ክርስትና አንሥተውታል። የበቆሎ ጠላ የሞላ ጠርሙስ ሰብረውበት፣ የክርስትና አባት አቁመውለት፣ “ድልድያችን” ብለውታል።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ገመዱ ተበጥሶ የዶሚቲላን ልጅ ኒካስዮን ወንዙ ወሰደው። ኒካስዮን ክርስትና ያነሡት ዶን ኢላሪዮ ነበሩ።

ዶሚቲላ ድንቿን ሸጣ ስትመለስ ወደ ክፍላቸው ጎራ አለች። መሐንዲሷ የጻፈችውን አነበቡላት። ወደ እንግሊዝኛ “በገመድ የሚሳብ ሣጥን” ብለው ሊመልሱት እንዳሰቡ ሲነግሯት እጇን አነሣች።

“ምን አሉኝ አበልጄ? ሣጥን?”

“እንግሊዞች ሌላ ስም የላቸውማ።”

“የላቸውም ማለት እርስዎ አጡለት ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ላይ ተደፍተው፣ ለአንድ ድልድይ ስም ይጠፋብዎት?”

“አበልጄ፣ ይሄ እኮ ድልድይ አይደለም።”

“ታዲያ ልጄ ከምን ላይ ወደቀ? ከድንች ሣጥን? ፈረንጅ አገሩ ተቀምጦ ‘ከሣጥን ወድቆ ሞተ’ እያለ ይሣቅብኝ? ተንጠልጣይ ድልድይ የሚባል አለ ብለውኝ አልነበር? የኛስ ምን ላይ ቆሟል?”

ከሄደች በኋላ ዶን ኢላሪዮ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ለሞተ ልጅ ክብር አንድ ስም ቢዋሱ ማንን ይጎዳል? የጽሕፈት መኪናውን ሳብ አድርገው “ያረጀ ተንጠልጣይ ድልድይ” ብለው መቱ። መሐንዲሷ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ፈርማ ላከችው።

መልሱ የመጣው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። መሐንዲሷ ራሷ ይዛው መጣች። አለመቆጣቷ ይበልጥ አሳመማቸው። ገንዘቡ ጭራሽ ድልድይ ለሌላቸው መንደሮች ብቻ ነው፤ ኢስኩባምባ ግን ተንጠልጣይ ድልድይ አላት ተብሏል።

“ስሕተቱ የኔ ነው ብዬ ልጻፍላቸው።”

“ይጻፉ፣ ዶን ኢላሪዮ። ግን ለሌላ መንደር ሰጥተው ጨርሰዋል።”

ቢሆንም ጻፉ። ምላሽ የሰጣቸው የለም።

ወደ ወንዙ የወረዱት ራሳቸው ሊነግሯት ነው። ዶሚቲላ ጨውና ላምባ ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ አገኟት። የሆነውን አንድ በአንድ ነገሯት።

“እንግዲህ ያጠፋሁት እኔ ነኛ” አለች ውኃውን እያየች።

“የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ያስጻፍኩትስ? አሁን ዝናቡ ሲመለስ ምን ልንሆን ነው?”

ሣጥኑ ከማዶ ደረሰ። ዶሚቲላ ገብታ ዕቃዋን በጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠች፤ ገመዱ ተቀጥሎ የተቋጠረበትን በመዳፏ ዳበሰች።

“በሉ ይግፉኝ፣ አበልጄ።”

ገፏት።