የላይኛው ቤት ዝም ሲል

መልካ ቆሬን ለማወቅ ከወንዙ መጀመር ይሻላል። መንደሩ ከገላን ኮንዶሚኒየም ወዲያ፣ የአቃቂን ወንዝ ተከትለው ቁልቁል የተሰለፉ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ክረምት ላይ እዚህ ፀሐይ እያለ፣ ከላይ ከተማው ላይ በጣለው ዝናብ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች አንድ ደንብ አበጁ፦ የላይኛው ቤት ውሃውን ቀድሞ ስለሚያይ ቃል የሌለው ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ቀጣዩ ቤት ይቀበላል፤ ጥሪው እንዲህ እየተላለፈ ታች ይደርሳል። እንዴት ያለ ድንቅ ዘዴ ነው! ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድምፁ የውሃ መሆኑ የሚታወቀው ከላይኛው ቤት በመነሳቱ ብቻ ነው። ከመካከል ከተነሳ ለቅሶ ነው፤ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ወይዘሮ ዳሲቱ ከላይ ሁለተኛው ቤት ተድረው ከመጡ ጀምሮ ጥሪውን ሲቀበሉ ኖረዋል። የላይኛውን ቤት ባለፈው በጋ ከወሎ የመጡ ባልና ሚስት ገዙት፤ የአይሱዙ ሾፌሩ ታጁና ሳዲያ። ሻጩ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ጉድጓዱ ሁሉንም አስረድቷቸዋል። ስለ ጥሪው ያነሳላቸው የለም። እዚያ ላደገ ሰው ይህ የሚነገር ነገር አይመስለውም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀትር ላይ፣ ወይዘሮ ዳሲቱ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ የወንዙ ድምፅ ወፈረባቸው። ቀና ሲሉ አረፋና የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሸከመ ድፍርስ ውሃ የዳሩን ድንጋዮች ውጧል። ባላቸው አቶ ሮሪሳ ታች ጨፌው ላይ በሬዎች እያጋጡ ነው። ጨፌው ወንዙ የሚዞረው ዝቅ ያለ ሣር ሲሆን መውጫው አንድ ብቻ ነው። የባላቸው ስልክ ቤት ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

ወደ ላይ ጆሮ ሰጡ። ዝም።

ሮጠው እንዳይደርሱ ጉልበታቸው አይችልም። ቢጮኹ ደግሞ መንደሩ ለቅሶ ይለዋል እንጂ ማን ወንዙን ዞር ብሎ ያያል? ትንሽ ጠበቁ። አሁንም ዝም። ውሃው የጎመኑን መደብ ሲነካ ጮኹ።

እንደፈሩትም ሆነ። ከታች ያሉት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እሳቸው ደጅ ሮጡ።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ወንዙ ነው! ሮሪሳ ጨፌው ላይ ነው!»

ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ አንድ ጎረምሳ ጣቱን ቀሰረ። አቶ ሮሪሳ በመውጫው በኩል፣ እስከ ጉልበታቸው በውሃ ውስጥ፣ ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ ነበር። የውሃ ጥሪ ቢሰሙ ኖሮ በሬዎቹን ሳይነዱ ንቅንቅ አይሉም ነበር። ከገዛ ቤታቸው ለቅሶ ሲሰሙ ግን ማን በሬ ያስታውሳል?

«ማነው የሞተው?» አሉ እያለከለኩ።

«ማንም።»

«ታዲያ በቁሜ ታለቅሺልኛለሽ?»

«ዞር በልና እይ!»

ዞሩ። ጨፌው የለም። አንዱ በሬ ዳር ይዞ ሲታገል ይታያል፤ ሌላው አይታይም። አቶ ሮሪሳ ሊመለሱ ሲሉ ወይዘሮ ዳሲቱ ጋቢያቸውን ጨምድደው ያዙ።

በዚህ መሃል ሳዲያ ለቅሶ ልትደርስ ከላይ መጣች።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎ፤ ማን ነው?»

«ልጄ፣ ውሃውን አላየሽውም?»

«አየሁት እንጂ! ገና ሲሞላ። ለማን ልንገር ብዬ…»

«ለእኔ» አሉ ወይዘሮ ዳሲቱ፣ ጋቢውን ሳይለቁ። «ከእንግዲህ ሲሞላ ስታዪ ትጮኺያለሽ፤ አሁኑኑ ድምፅሽን አሰሚኝ።»

ሳዲያ አፍራ ቀስ ብላ ጮኸች።

«ይሄማ ዶሮ መጥሪያ ነው» አሉ አቶ ሮሪሳ፣ ዓይናቸውን ከወንዙ ሳይነቅሉ። «ድገሚው።»