በአባቴ ላይ የቆለፍሁት በር

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልንገራችሁ ብዬ ሦስት እሑድ ተነሥቼ፣ ሦስቱንም ፈርቼ ተቀምጫለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ቤታችን ተደብቀን ስለምንሰበሰብ፣ ጎረቤት እንዳይሰማንም እንዲሁ ይሻላል።

አባቴ እዚያ ጥግ የተቀመጡት ናቸው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ይሸጡ ነበር። መጀመሪያ የጠፋባቸው ማሽተት ነው። የዋለውን ዓሣ ትኩስ ነው ብለው ቢሸጡላት አንዲት ገዢ፣ «አባባ፣ አፍንጫዎንም አብረው ሸጡት እንዴ?» ብላ መለሰችላቸው። ሰው ሳቀ። እኔ አፍሬ ተሸፋፍኜ ቆምሁ።

ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሆዳቸው ይደርቃል፤ በእንቅልፋቸው ይራገጣሉ፤ ጨዋታ ይወዱ የነበሩት ሰውዬ ይተክዙ ጀመር። በኋላ ደግሞ በቀትር የሌለ ሰው ማየት መጣ። «እነዚያን ወታደሮች ግቡ በያቸው እንጂ፣ ፀሐይ መታቸው» ይሉኛል። ደጁ ባዶ ነው።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ቀበሌ ሰምቶ፣ ማንን ደብቃችኋል ቢለንስ? ጎረቤት ዛር ነው ቢልስ? ስለዚህ ወደ ገበያ ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፍባቸው ጀመር። ስመለስ፣ «ልጄ፣ ቁልፉ ተበላሽቷል እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ አባባ» እላቸዋለሁ። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።

ፍል ውኃ ያድናል ሲሉኝ ወደ ዋንዛዬ ወሰድኋቸው። ውኃው ውስጥ ብዙ ሲቆዩ የሚሻላቸው መስሎኝ፣ «ልውጣ» ሲሉኝ «ትንሽ ይታገሡ» አልኋቸው። ሲነሡ እግሬ ሥር ወደቁ። ከንፈራቸው ነጣ። ገደልኋቸው ብዬ ደረቅሁ። እትዬ ባንቺ፣ እኒህ አጠገቤ ያሉት፣ ያን ቀን ሊታጠቡ መጥተው ነበር። «እግራቸውን ከፍ አድርጊ» አሉኝና በላያቸው ጸለዩ። እኔም በልቤ፣ «መልስልኝ፣ ሁለተኛ አልቆልፍባቸውም» አልሁ። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ጌታ ይመስገን።

ባሕር ዳር ስንመለስ እትዬ ባንቺ ሐኪም ዘንድ ወሰዱን። ሐኪሙ፣ «ፓርኪንሰን ይባላል» አለ። «የእጁን መንቀጥቀጥ ሁሉም ያየዋል። ማሽተት ማጣቱ፣ ድርቀቱ፣ እንቅልፉ፣ ማዘኑ፣ የሌለ ሰው ማየቱም ከዚያው ነው። ሲቆሙ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፤ ፍል ውኃው ይህን አባሰው።»

«ዛር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ይድናሉ?»

መድኃኒት መጻፍ ጀመረ። «ይታገዛሉ» አለኝ።

ወጥተን ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ ስለ ቁልፉ ለእትዬ ባንቺ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ጌታ በእሳቸው አያፍርም፣ በአንቺም አያፍርም» አሉኝ። እዚያው ተቀምጬ ልቤን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ስሙ ይባረክ።

አልዋሻችሁም፣ እጃቸው ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እኔም ደጅ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል። ግን ፈርቼ አባቴን መደበቅ ትቻለሁ፤ ለእኔ ፈውስ ማለት ይህ ነው። ቁልፉን ለእሳቸው ሰጠሁ። ቅድም በሩን የከፈቱላችሁ እሳቸው ናቸው።

በቤታችሁ ያፈራችሁበት፣ የደበቃችሁት ሰው ካለ፣ ጌታን እመኑትና አውጡት። እኔ ፈሪዋ ችያለሁ።

ዛሬ ስንት ሰው እንዳስገቡ አባባን ጠይቄያቸው ነበር። አሥራ ሁለት አሉኝ። እኛ ዘጠኝ ነን። «ሁሉም ቦታ አገኙ?» አልኋቸው። «አግኝተዋል፣ ወታደሮቹም ጭምር» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።